በጌዶ ዳገት ላይ የሚቆመው የዝናብ መጥረጊያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ነቀምት የሚጓዝ ሰው ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ግንጪን አልፎ፣ በ114ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አምቦ ገብቶ፣ ጠበሉን ጠጥቶና ዐርፎ ጉደር ወንዝ እስኪደርስ ድረስ የክረምቱ መንገድ ያን ያህል አያስጨንቀውም። ለከባድ መኪና ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከጉደር ወዲያ ነው። ጉደር ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ያህል ላይ ሲገኝ፣ የጨሊያ ወረዳ ከተማ የሆነችው ጌዶ ግን ወደ 2500 ሜትር ትጠጋለች። ጌዶ መንገድ የሚለይባት ከተማ ናት፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ባኮና ወደ ነቀምት ይወርዳል፤ ሌላው ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደ ፊንጫና ወደ ሻምቡ ይሄዳል። ከየትም ወገን የሚመጣ ካሚዮን ወደዚህች ከተማ የሚደርሰው ሞተሩ እያቃሰተ፣ ማርሹ ወደ ሁለተኛ ዝቅ ብሎ ነው።

በሰኔና በነሐሴ መካከል በዚህ ከፍታ ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻውን አይመጣም። ጉም ያጅበዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ከጧቱ ሦስትና አራት ሰዓት ድረስ ጉሙ ከመንገዱ ላይ አይነሣም። መንገዱም የመኪና ብቻ አይደለም። ገበያ የሚሄዱ ሰዎች፣ የተጫኑ አህዮች፣ ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጡ ልጆች ይመላለሱበታል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሄድ ካሚዮን በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። የዝናብ መጥረጊያው ለ10 ሰከንድ ያህል ቢያቆም፣ ነጂው 80 ሜትር መንገድ እንደ ዕውር ሄደ ማለት ነው። በ80 ሜትር ውስጥ ስንት አህያና ስንት ልጅ ሊኖር እንደሚችል አንባቢ ራሱ ያስበው።

ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ ላይ ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ለአንዳንዶች ከቁም ነገር የማይቈጠር ቢመስልም፣ እርሱን ንቆ የሚያልፍ ሰው ግን ወደ ጌዶ በክረምት ወጥቶ የማያውቅ ይመስለናል። ጉዳዩም ከጦር ሠራዊት አገልግሎት በወጣ ካሚዮን ላይ አንዴ እየሠራ አንዴ እየቆመ የሚያስቸግር የዝናብ መጥረጊያ ነው።

በአገራችን ከጦር ሠራዊት የወጣ መኪና ታሪክ ረዥም ነው። በ1933 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ድል ሆኖ ሲወጣ ጥሏቸው የሄደው ፊያትና ላንቺያ ካሚዮኖች ለጭነት ንግዱ መነሻ ሆነዋል፤ የመካኒኮቻችን ቋንቋም እስከ ዛሬ ድረስ በኢጣልያንኛ ቃላት የተሞላው በዚሁ ምክንያት ነው። ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ካቻቢቴ፣ ዳዶ፣ ጎሚስታ እንላለን። መስታወቱን የሚጠርገውንም ላስቲክ ስፓዞላ የምንለው ከዚያው ተውሰን ነው፤ ትርጉሙም ብሩሽ ማለት ነው። ቀጥሎም በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የወታደራዊ ርዳታ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ የአሜሪካ ጦር መኪናዎች ገቡ፤ ከነዚህም መካከል ሁለት ቶን ተኩል የሚጭነው ኤም 35 የሚባለው ካሚዮን በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው። በ1969 ዓ.ም. ያ ግንኙነት ሲበጠስ ደግሞ ተራው የሶቪየት ኅብረት ሆነና ዚልና ኡራል መጡ። እንዲህ ያለ መኪና የጦር ሜዳ ዘመኑን ጨርሶ ወደ ሲቪል ሥራ ሲዛወር፣ ጉልበቱና ጥንካሬው ይከተሉታል። የመለዋወጫ ዕቃውና የጥገና መጽሐፉ ግን ብዙ ጊዜ አይከተሉትም። ነጂውም መካኒኩም የሚሠሩት በግምትና በልምድ ነው።

አሁን ወደ ሕመሙ እንምጣ። ጨርሶ የማይሠራ መጥረጊያ ለመካኒክ ቀላል በሽተኛ ነው፤ የትም ቦታ፣ በማናቸውም ሰዓት ስለማይሠራ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። አስቸጋሪው እየሠራ የሚቆመው ነው። ነጂው ከጌዶ ተመልሶ «መጥረጊያው መንገድ ላይ ቆመብኝ» ብሎ ያስመዘግባል። መካኒኩ በጋራዡ ግቢ ሞተሩን ያስነሣና መጥረጊያውን ይከፍተዋል። ስፓዞላው ወዲያና ወዲህ ሲል ያይና «ይሠራል» ብሎ ይፈርማል። ነጂው ሐሰተኛ ሆኖ ይቀራል። በሚቀጥለው ሳምንት ያው መኪና በዚያው ዳገት ላይ እንደገና ዐይኑን ይጨፍናል። ከሁለቱ የዋሸ የለም፤ ሁለቱም ያዩትን ተናግረዋል። የጋራዡ ግቢ ዳገት አይደለም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ይህንን ለመረዳት መጥረጊያው ጉልበቱን ከወዴት እንደሚያገኝ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በድሮ የጦር መኪናዎች ላይ ሦስት ዓይነት አሠራር ይገኛል። አንደኛው በሞተሩ የመምጠጥ ኃይል፣ ሁለተኛው በታመቀ አየር፣ ሦስተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ሕመማቸው በውጭ ሲታይ ተመሳሳይ ነው፤ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍቶ ከመጥረጊያው ሞተር የሚወጣው የጎማ ቱቦ ወይም ሽቦ ወዴት እንደሚሄድ በጣት መከተል ይበጃል።

ዳገት የማይወደው መጥረጊያ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራው የጂ ኤም ሲ ካሚዮንና ብዙዎቹ የቤንዚን መኪናዎች የመጀመሪያውን ዓይነት ይዘዋል። የቤንዚን ሞተር በሥራ ላይ ሳለ በካርቡራቶሩ በኩል አየር ይስባል። ነጂው የነዳጁን ፔዳል ሳይረግጥ ሲቀር የካርቡራቶሩ በር ይዘጋና ሞተሩ የሚስበው አየር ያጥረዋል፤ በዚያን ጊዜ ከካርቡራቶሩ በታች ባለው ቧንቧ ውስጥ አየሩ ይሳሳል። ከዚያ ቧንቧ ላይ ቀጭን የጎማ ቱቦ ወደ መጥረጊያው ይሄዳል። በመጥረጊያው ቤት ውስጥ ያለች ክንፍ በአንድ ወገኗ የሳሳ አየር፣ በሌላ ወገኗ የውጭው አየር ሲገጥማት፣ የውጭው አየር ይገፋታል። ስንናገር «ይመጣል፣ ይስባል» እንላለን እንጂ ሥራውን የሚሠራው ገፊው የውጭ አየር ነው። ይህንን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የጌዶ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነውና።

ነጂው ዳገት ላይ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ሲረግጥ የካርቡራቶሩ በር ወለል ብሎ ይከፈታል። አየሩ እንደ ልብ ስለሚገባ በቧንቧው ውስጥ መሳሳቱ ይቀራል። መጥረጊያውም ይዝላል፤ ብሎም ይቆማል። ነጂው እግሩን ያነሣ እንደሆነ ወዲያው እንደ ነቃ ሰው ይፈጥናል። ወጣቱ ተሳፋሪ «ጋሼ፣ መጥረጊያው ምን ሆነብን?» ቢል፣ አሮጌው ነጂ «እሱ ዳገት አይወድም» ብሎ የሚመልሰው ለቀልድ ብሎ አይደለም፤ የፊዚክስ መልስ ነው የሰጠው።

ከዚህም ሌላ ከፍታው ራሱ ያዳክመዋል። በባሕር ዳርቻ የአየር ክብደት 760 ሚሊ ሜትር ባዜቃ ያነሣል፤ በጌዶ ከፍታ ላይ ግን 560 ያህል ብቻ ነው። ገፊው አየር ከሩብ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። መካኒኮች በሚጠቀሙበት መለኪያ ብንቈጥረው፣ በባሕር ዳር ቆሞ በዝግታ የሚሠራ ደኅና ሞተር ከ18 እስከ 20 ኢንች ያሳያል። ወደ ላይ በወጣን በየ300 ሜትሩ ከዚህ አንድ ኢንች ያህል ይጎድላል። ጌዶ ላይ የሚቀረው ከ10 እስከ 12 ኢንች ነው። መኪናው የተሠራው ለሜዳ አገር ስለ ነበረ፣ በእኛ ደጋ ላይ ገና ዳገቱን ሳይጀምር ግማሽ ያህል ጉልበቱን ጥሎ ነው የሚነሣው። ስለሆነም በሌላ አገር ችላ ሊባል የሚችል ጥቃቅን ቀዳዳ ሁሉ በጌዶ መንገድ ላይ መጥረጊያውን ጨርሶ ያቆመዋል።

ቀዳዳውን መፈለግ ቀላል ነው። የጎማው ቱቦ በሙቀት ብዛት ደርቆ በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ በዐይን ባይታይም ቱቦው ሲታጠፍ አፉን ይከፍታል። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ሳለ ቱቦውን ከመጥረጊያው ነቅሎ በጣት መድፈን ነው። ጣትን አጥብቆ ከያዘ ከሞተሩ እስከዚያ ድረስ ያለው ደኅና ነው፤ ጥፋቱ በመጥረጊያው ቤት ውስጥ ነው። ጣትን ካልያዘ ጥፋቱ በቱቦው ላይ ነው። ይህች አንዲት ምርመራ ከግማሽ ቀን ግምት ታድናለች። በኋላ የመጡ አንዳንድ መኪናዎች ይህንን የዳገት ችግር ለመቀነስ ሲባል በነዳጅ ፖምፓው ላይ አየር የሚስብ ሁለተኛ ክፍል ተጨምሮላቸዋል፤ በነዚህ ላይ የፖምፓው ስስ ቆዳ ተቀዶ እንደሆነም ማየት ያስፈልጋል። ደኅና ሆኖ ሳለም ዳገት ላይ ለሚዝለው ግን ከነጂው እግር በቀር መድኃኒት የለውም። በየጊዜው ፔዳሉን ጥቂት ለቀቅ ማድረግ፣ አንዴ ወይም ሁለቴ ሲጠርግ መንገዱን አይቶ እንደገና መርገጥ ነው።

አየሩን ከፍሬን ጋር የሚካፈለው

የናፍጣ ሞተር የአየር በር ስለሌለው የመምጠጥ ኃይሉ ለመጥረጊያ አይበቃም። ፍሬናቸውን በታመቀ አየር የሚያግዙ ካሚዮኖች ግን ዝግጁ የሆነ ጉልበት በበርሜል ይዘው ይዞራሉ። ኤም 35ም ዚል 130ም መጥረጊያቸውን የሚያንቀሳቅሱት ከዚሁ አየር ቆንጥረው ነው። ይህ አሠራር ዳገትና ሜዳ አይለይም፤ ጠንካራም ነው። ሆኖም የራሱ የሆነ ጠባይ አለው።

ኮምፕሬሰሩ የክረምቱን እርጥብ አየር ሲያምቅ በአየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት ውሃ ሆኖ በበርሜሉ ሥር ይጠራቀማል። ከኮምፕሬሰሩ የሚያመልጥ ዘይትም ይቀላቀለዋል። ውሃውና ዘይቱ ተዋሕደው እንደ አረፋ ያለ ዝቃጭ ይሠራሉ። ይህ ዝቃጭ በቀጭኑ ቱቦ ተጉዞ በመጥረጊያው ሞተር ውስጥ ያለችውን ትንሽ ተንሸራታች በር ያጣብቃታል። ያች በር አየሩን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ የምታዞር ናት፤ በመካከል ላይ ከተጣበቀች ስፓዞላው በመስታወቱ አጋማሽ ላይ ይቆማል። ነጂው በጡጫ መታ ሲያደርገው የሚነሣውም በዚህ ምክንያት ነው። ጡጫው በሩን ያላቅቃል እንጂ ዝቃጩን አያወጣም። የሚያወጣው በየቀኑ ማታ ከበርሜሉ ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍቶ ውሃውን መልቀቅ ነው። ሥራው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፤ ነገር ግን ከመኪናው ሥር ተኝቶ በጭቃ ላይ የሚሠራ ስለሆነ ረዳቱ ይዘልለዋል፤ ነጂውም ረዳቱን አይጠይቅም።

በኤም 35 ላይ ለእያንዳንዱ ስፓዞላ የራሱ የሆነ የአየር ሞተር ተሰጥቶታል። ይህ ለመርማሪ ትልቅ ስጦታ ነው። የግራው ቢቆምና የቀኙ ቢሠራ፣ ሁለቱን ቱቦዎች አለዋውጦ ማሰር ነው። የግራው አሁንም ከቆመ ጥፋቱ በግራው ሞተር ውስጥ ነው። ጥፋቱ ወደ ቀኝ ተዛውሮ ቢገኝ ግን ቱቦው ወይም መክፈቻው ነው ማለት ነው። ሁለቱም አብረው ቢቆሙ ሁለቱንም ሞተሮች መፍታት አያስፈልግም፤ ለሁለቱ የጋራ የሆነውን፣ ይኸውም በርሜሉንና ዋናውን ቧንቧ መመርመር ነው። በትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አትለውጡ እያለ የሚያስተምረው ሕግ በጋራዥ ውስጥ እንዲህ ሆኖ ይሠራል። ብዙ መካኒክ ግን ቱቦውንም፣ ሞተሩንም፣ መክፈቻውንም በአንድ ቀን ለውጦ መጥረጊያው ሲሠራ ይደሰታል፤ ከሦስቱ የትኛው እንደ ታመመ ሳያውቅም ይቀራል። በሚቀጥለው ጊዜ ሦስቱንም ይገዛል።

ቱቦው የሚያፈስ እንደሆነ ለማወቅ ሳሙና በውሃ በጥብጦ በየመጋጠሚያው መቀባት ነው፤ የሚያፈስበት ቦታ አረፋ ያወጣል። ይህ ፍለጋ ግን ከመጥረጊያው ይልቅ ለሌላ ነገር ይጠቅማል። ከላይ እንዳልነው አየሩ የፍሬኑም አየር ነው። ከጌዶ ወደ ባኮ የሚወርደው ካሚዮን ከ800 ሜትር በላይ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ነጂው በየጥምዝምዙ ፍሬን ይይዛል፤ መጥረጊያዎቹም ሳያቋርጡ ይሠራሉ፤ የሚያፈስ ቱቦም ሳይታወቅ የድርሻውን ይወስዳል። ኮምፕሬሰሩ በበኩሉ በዚያ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር ከባሕር ዳሩ በሩብ ያነሰ ነው፤ ማርሹ ከፍ ብሎ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ደግሞ መሙላቱ ይዘገያል። የአየሩ ሰዓት ወደ 60 ፓውንድ ገደማ ሲወርድ የማስጠንቀቂያው ድምፅ ይጮኻል። በዚያን ጊዜ መጥረጊያው ራሱ እየደከመ መሄዱ ቀድሞ የመጣ ምልክት ነበረ።

ስለዚህ በአየር የሚሠራ መጥረጊያ ቁልቁለት ላይ ከዘገየ፣ ነጂው «የተበላሸው መጥረጊያው ነው» ብሎ ከማለፉ በፊት ዐይኑን ወደ አየሩ ሰዓት ማዞር አለበት። ሰዓቱ የወረደ እንደሆነ መጥረጊያውን ዘግቶ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ዳር ይዞ፣ ለጥ ያለ ቦታ ላይ መቆምና በርሜሉ እስኪሞላ መጠበቅ ነው። ሰዓቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ መጥረጊያው ከዘገየ ግን ነገሩ ቀላል ነው፤ ቱቦው ወይም ሞተሩ ነው።

ሽቦና መሬት

ስለ ኤሌክትሪኩ ብዙ አንልም፤ በከተማ መኪና የለመደ መካኒክ ሁሉ ያውቀዋልና። ለጦር መኪና ልዩ የሆኑ ሁለት ነገሮች ግን አሉ። አንደኛው የጦር ካሚዮን ኤሌክትሪክ ብዙውን ጊዜ 24 ቮልት መሆኑ ነው፤ ይህም ሁለት ባትሪ ተቀጣጥሎ የሚገኝ ነው። የድሮው መጥረጊያ ሲበላሽ ከትንሽ መኪና የወጣ የ12 ቮልት ሞተር ይገዛና ከሁለቱ ባትሪዎች በአንደኛው ላይ ይታሰራል። ለጊዜው ይሠራል። ነገር ግን አንደኛው ባትሪ ብቻውን ሲሠራ ይደክማል፤ ዲናሞው ሁለቱን እኩል እንደ ደከሙ አድርጎ ሲሞላ፣ ያልደከመው ከመጠን በላይ ይሞላና ይፈላል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሁለት ባትሪ ይገዛል። ጥፋተኛው መጥረጊያ መሆኑን ማንም አያስብም።

ሁለተኛው ነገር ከሁሉ ይልቅ መካኒኮችን የሚያታልል ነው። በብዙ የጦር መኪናዎች ላይ በሚቃጠል ፊውዝ ፈንታ ራሱን በራሱ የሚያቋርጥና የሚቀጥል መከላከያ አለ። የመጥረጊያው ዘንጎች ደርቀው ወይም ዝገው ሲከብዱ ሞተሩ ከመጠን በላይ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ መከላከያው ይግላል፤ ያቋርጣል፤ መጥረጊያው ይቆማል። ጥቂት ሲቀዘቅዝ እንደገና ይያያዛል፤ መጥረጊያው ይነሣል። ነጂውም መካኒኩም የላላ ሽቦ ነው ብለው ቀኑን ሙሉ ሽቦ ሲነካኩ ይውላሉ። ምርመራው ይህ ነው፦ ዘንጉን ከሞተሩ ነቅሎ ሞተሩን ባዶውን ለሩብ ሰዓት ማስኬድ። ሳያቋርጥ ከሠራ ሞተሩም ሽቦውም ደኅና ናቸው፤ የሚያስፈልገው ግራሶና ዘይት ነው። ባዶውንም እየቆመ ካስቸገረ ያን ጊዜ ሽቦውን መከተል ይገባል፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሞተሩ ከመኪናው አካል ጋር የታሰረበትን ብሎን ፈትቶ ከሥሩ ያለውን ዝገትና ቀለም መፋቅ ነው። ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በዚያ በኩል ነው።

በዚህ ላይ ለጨዋታ ያህል አንድ ነገር እናንሣ። እየቆመ የሚነሣ መጥረጊያ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። ሮበርት ኪርንስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1953 (እ.ኤ.አ.) በሠርጉ ሌሊት የሻምፓኝ ጠርሙስ ክዳን ግራ ዐይኑን መትቶት ብርሃኑን አጥቶ ነበር። ኋላም ዐይን በየጊዜው እንደሚርገበገብ ሁሉ መጥረጊያም በቀላል ዝናብ ጊዜ ጠርጎ ዐርፎ እንዲጠርግ ቢደረግ ብሎ አሰበ፤ ሠራውም። ፎርድ ኩባንያ ይህንን ዓይነት መጥረጊያ ከ1969 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመኪናዎቹ ላይ አዋለ፤ ኪርንስም ሥራዬን ወሰደብኝ ብሎ ከሰሰው፤ ከረዥም ክርክር በኋላ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ኩባንያው 10.2 ሚሊዮን ዶላር ከፈለው። ከእርሱ በፊት መጥረጊያን ራሱን በ1903 (እ.ኤ.አ.) የፓተንት መብት ያስመዘገበችው የአላባማዋ ሜሪ አንደርሰን ግን ከሥራዋ ምንም ገንዘብ አላገኘችም። የእርሷ መጥረጊያ ነጂው ከውስጥ ሆኖ በእጁ የሚያንቀሳቅሰው ነበረ። በብዙ የጦር መኪናዎች መጥረጊያ ላይ ከውስጥ በኩል የምትታየው ትንሽ እጄታ ለዚያው አሠራር ቅርብ ናት። የመኪናው ሠሪዎች አየሩም መምጠጡም ሊከዳ እንደሚችል ስላወቁ ለረዳቱ እጅ ሥራ ትተውለታል። እጄታው ተሰብሮ ከጠፋ ግን በሁለቱ መስኮቶች ገመድ አሳልፎ አንዱ ሲስብ አንዱ ሲለቅ መጓዝ ነው፤ ይህም በመንገዶቻችን ላይ የታየ ነው፤ ገመዱን የሚስቡት ሰዎች ግን ጌዶ ሲደርሱ እስከ ክርናቸው ርሰው ነው።

በጋው የሚያበላሸው

መጥረጊያው የሚበላሽበት ወራት ክረምት ይመስለናል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። የሚበላሸው በበጋ ነው፤ ክረምቱ ያጋልጠዋል እንጂ። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ድረስ ማንም አይነካውም። በከፍታ ላይ ያለው ብርቱ ፀሐይ የስፓዞላውን ላስቲክ ያደርቀዋል፤ ይሰነጣጥቀዋል። በአየር ሞተሩ ውስጥ ያለው ግራሶ እንደ ሰም ይረጋል። አቧራው በዘንጉ መገናኛዎች ውስጥ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሞረድ ይሆናል። ከዚያ በግንቦት መጨረሻ የመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ ሲመጣ ሰባት ወር የተኛ ነገር በአንድ ጊዜ ተነሥ ይባላል።

ለዚህ የሚደረገው ጥንቃቄ ገንዘብ አይጠይቅም። በበጋ በሳምንት አንድ ቀን መስታወቱን በውሃ አርጥቦ መጥረጊያውን ለጥቂት ደቂቃ ማስኬድ ነው። ሳያረጥቡ ማስኬድ ግን አቧራውን በላስቲኩ እየጎተቱ መስታወቱን መፋቅ ነው፤ አንድ ጊዜ የተፋቀ መስታወት ደግሞ ማታ የፊት ለፊት መኪና መብራት ሲያርፍበት እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ያበራል። መኪናውን ለብዙ ቀን በፀሐይ ላይ የሚያቆም ሰው የስፓዞላውን ክንድ ከመስታወቱ ላይ አንሥቶ ቢተወው ላስቲኩ አይጣመምም። በአየር የሚሠራውን ደግሞ በግንቦት ወር ቱቦውን ነቅሎ በመግቢያው ሁለት ሦስት ጠብታ ቀጭን ዘይት ማግባትና ጥቂት ጊዜ ማስኬድ ያፍታታዋል።

መንገድ ላይ ሁሉም ነገር የከዳው ነጂ ጥሬ ድንች ሁለት ቦታ ቆርጦ መስታወቱን ከውጭ በኩል ያሽበታል። ጠብታዎቹ ተለያይተው ከመንጠባጠብ ይልቅ ተያይዘው እንደ ስስ ልብስ ይወርዳሉ፤ በመካከሉም መንገድ ይታያል። ለጥቂት ኪሎ ሜትር ያህል ይበቃል። ዳገቱን ለመጨረስ አይበቃም።

የሚጻፈውና የሚፈረመው

ይህንን ገጽ ከሚያነቡት ወጣቶች መካከል ብዙዎቹ ዛሬ ወይም ነገ የመሥሪያ ቤት ካሚዮን በፊርማቸው የሚያወጡ ናቸው። ማዳበሪያ፣ የምርጥ ዘር፣ የትምህርት ቤት ወንበር ወይም መድኃኒት አስጭነው ወደ ወረዳ ይልካሉ፤ አንዳንዴም ራሳቸው ከነጂው አጠገብ ተቀምጠው ይሄዳሉ። ነጂው በዕድሜ አባታቸው ሊሆን ይችላል፤ በሥልጣን ግን የሚታዘዛቸው እርሱ ነው። «መጥረጊያው እምብዛም አያስተማምንም» ሲል ወጣቱ ባለሥልጣን ስብሰባ እንዳለበት ወይም ዕቃው ዛሬ መድረስ እንደሚገባው ያስባል፤ «እስከ ጌዶ ያድርሰን» ይላል። ነጂውም ዝም ይላል። በእኔ አስተያየት በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የመካኒክ መሆኑ ቀርቷል።

ባለሥልጣኑ ካቻቢቴ ይያዝ አንልም። ከእርሱ የሚፈለገው ሌላ ነው። ነጂው ጥፋት ሲያስመዘግብ «መጥረጊያው አይሠራም» በሚል አንድ መስመር ብቻ እንዳይቀበለው ነው። መቼ ነው የሚቆመው? ሽቅብ ሲወጣ ነው ወይስ ቁልቁል ሲወርድ? እግርህን ከፔዳሉ ስታነሣ ይነሣል ወይ? ከተከፈተ ከስንት ደቂቃ በኋላ ነው? የአየሩ ሰዓት ስንት ይል ነበር? አንዱ ነው ወይስ ሁለቱም? ብሎ መጠየቅና መልሱን በመዝገቡ ላይ ማጻፍ ነው። ሽቅብ ብቻ የሚቆም ከሆነ መካኒኩ ወደ ቱቦውና ወደ መምጠጡ ይሄዳል። ቁልቁል የሚቆም ከሆነ ወደ በርሜሉና ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። ሩብ ሰዓት ሠርቶ የሚቆምና ዐርፎ የሚነሣ ከሆነ ወደ ዘንጉ ይሄዳል። ሦስት ቃል በመዝገብ ላይ ተጨማሪ መጻፍ ሦስት ቀን የጋራዥ ሥራ ያሳጥራል። ካሚዮኑ ከጋራዥ ሲመለስም በግቢ ውስጥ ታይቶ «ይሠራል» የተባለውን ከመቀበል ይልቅ፣ ውሃ በመስታወቱ ላይ እየተረጨ ተጭኖ ዳገት ላይ እንዲሞከር ማዘዝ ይቻላል። ለአዲስ አበባ ሰው የእንጦጦ ዳገት ቅርብ ነው፤ ከጌዶም ከፍታ ያልፋል።

የመለዋወጫው ጉዳይ እንደ ድሮው አይደለም። የድሮ የአየር ሞተር አዲስ ማግኘት ይከብዳል፤ በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከተፈቱ መኪናዎች የወጣ ዕቃ የሚፈልግ ሰው ግን ደኅና ሊገጥመው ይችላል። ሲገዛ ስፓዞላ የሚታሰርበትን ዘንግ በእጁ ወዲያና ወዲህ ያዙረው፤ ሳይከብድና ሳይነክስ የሚዞር መሆን አለበት። አየሩ የሚገባበትን ቀዳዳ በጣቱ ደፍኖ ሲያዞረው ደግሞ መክበድ አለበት፤ ካልከበደ ከውስጥ ያፈስሳል፤ ቢገዛውም በጌዶ ላይ ይቆምበታል። የአየሩን አሠራር ትቶ ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ የሚፈልግ ደግሞ የ24 ቮልት የአውቶቡስ ሞተር ይግዛ፤ ከሁለቱ ባትሪዎች ጫፍ ላይ በራሱ ፊውዝ አስሮ ይጠቀምበት፤ የተወገደውን የአየር ቱቦም በጨርቅ ሳይሆን በብሎን አጥብቆ ይድፈነው፤ ያ ቱቦ የሚመጣው ከፍሬኑ በርሜል ነውና።